ግልጽ ደብዳቤ፦ የሮማንና የሰሜኑን ጦርነት ፊልም ለምትሠሩ

ለ፦ ስለ ሮማ ጦርና ስለ ሰሜን አውሮፓ ነገዶች ፊልምና ተከታታይ ድራማ ለምትሠሩ ዳይሬክተሮች፣ ጸሐፊዎችና ፕሮዲውሰሮች
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ በዚያ ደን ውስጥ የተዋጉት ሰዎች እነማን እንደነበሩ በትክክል እንድታሳዩን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ ሥራችሁን ስለምወድ ነው። ጭጋግ የወረሰው ደን፣ በዝምታ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሌጌዎን (የሮማ ክፍለ ጦር)፣ ከዛፎቹ መሀል የሚሰማ ድምፅ... እንዲህ ያለ ፊልም ወጣ ሲባል ቀድመው ከሚያዩት አንዱ ነኝ። በአዲስ አበባ ቪዲዮ ቤቶች ያደገው ትውልድ ሮማን ያወቃት ባብዛኛው ከእናንተ ነው፤ ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። እናንተ ያሳያችሁት ነገር በብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ታሪክ ሆኖ ይቀራል። «ፊልም ነው እኮ፣ ምን ታካብዳለህ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዮስ እንዴት ሞተ ብላችሁ ብትጠይቋቸው ግን የሚተርኩላችሁ ፊልሙን ነው።

ከዚሁ ፊልም ልጀምር። (የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2000 የወጣው የሪድሊ ስኮት «ግላዲያተር» በ180 ገርማንያ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ውጊያ ይከፈታል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ያንን ትዕይንት ሲከተሉ ኖረዋል። ፊልሙ ላይ ኮሞዶስ አባቱን ማርቆስ አውሬሊዮስን በገዛ እጁ አፍኖ ይገድለዋል። በእውነተኛው ታሪክ ግን ማርቆስ አውሬሊዮስ በመጋቢት 180 ታሞ ሳለ በጦር ግንባር አካባቢ አረፈ። ከጥንት ጸሐፊዎች አንዱ ሐኪሞቹን ይጠረጥራል፤ ልጁ አፍኖ ገደለው የሚል ግን የለም። ኮሞዶስ ደግሞ ከ177 ጀምሮ ከአባቱ ጋር ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ነግሦ ነበር። አባቱ ከሞተ በኋላም ከ12 ዓመት በላይ ገዛ። የሞተውም በትግል ሜዳ ላይ ሳይሆን ናርኪሶስ የሚባል ስፖርተኛ አንቆ ገድሎት ነው።

ይህን ሁሉ እተወዋለሁ። ድራማ የራሱ ሕግ አለው፤ 12 ዓመትን ወደ ጥቂት ወራት ማጠፍ መብታችሁ ነው። ልተወው ያልቻልኩት ሌላ ነገር ነው።

ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ጀርመኖቹ ከደኑ ውስጥ ጋሻቸውን እየመቱ በኅብረት ሲያዜሙ ይሰማል። ያ ዜማ የጀርመን አይደለም። በ1964 ስለ ዙሉዎችና ስለ እንግሊዝ ጦር ከተሠራ ፊልም የተወሰደ የዙሉ ተዋጊዎች ዝማሬ ነው። የደቡብ አፍሪካን ሰዎች ድምፅ ወስዳችሁ በዳኑብ ማዶ በነበሩ ሰዎች አፍ ውስጥ አስገባችሁት። ለምን እንደሠራ ይገባኛል፤ ዝማሬው ያስፈራል። ግን ይህ የሚሆነው «ሥልጡን ካልሆነ ያው ነው፣ የአንዱን ድምፅ ለሌላው ብንሰጠው ማንም አያውቅም» ተብሎ ሲታሰብ ብቻ ነው። ዙሉ የራሱ ዜማ፣ የራሱ ምክንያት፣ የራሱ ጦርነት ነበረው። በዳኑብ ማዶ የነበሩት ኳዲና ማርኮማኒ የሚባሉት ነገዶችም እንዲሁ።

በነገራችን ላይ እነዚያ ነገዶች ምን ይፈልጉ እንደነበር ተጽፎ ይገኛል። ካሲየስ ዲዮ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ የድርድሩን ዝርዝር ትቶልናል። መልእክተኞች ይመላለሱ ነበር። ጉዳዩ መሬት ነበር፤ ገበያ ነበር፤ ምርኮኛ ነበር። ሮማውያን ኳዲዎችን ከገበያቸው ከልክለዋቸው ነበር፤ ሌላ ጠላት በእነሱ ስም ገብቶ እንዳይሰልል ፈርተው። ኳዲዎች በበኩላቸው 13,000 ምርኮኞችን እንደሚመልሱ ቃል ገቡ። በ175 ደግሞ ያዚጌስ የተባሉት ፈረሰኛ ሕዝቦች ሰላም ሲያወርዱ 8,000 ፈረሰኛ ለሮማ ሰጡ። ከእነዚያ ውስጥ 5,500ዎቹ ወደ ብሪታንያ ተላኩ። አስቡት እስቲ። ትናንት ሮማን ሲወጋ የነበረ ሰው ዛሬ የሮማን ድንበር ሊጠብቅ በማያውቀው ደሴት ላይ። እዚህ ውስጥ ስንት ፊልም አለ!

ወደ ልብሱ ልምጣ። የእናንተ ሰሜነኛ ሁልጊዜ የአውሬ ቆዳ ለብሷል። ጸጉሩ ተንጨባሯል፣ ፊቱ ጭቃ ነው። በሰሜን ጀርመን ቶርስበርግ ከሚባል ረግረግ የወጣ አንድ ሱሪ አለ። ዛሬ ሽሌስቪግ ከተማ፣ ጎቶርፍ ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው ሙዚየም ይታያል። ሱፍ ነው። ሽመናው እዚህም እዚያም እንደ አልማዝ ቅርጽ ይሠራል። ወገቡ ላይ ቀበቶ የሚያልፍባቸው ማንገቻዎች ተሰፍተውለታል። ታች እግሩ ላይ ደግሞ እንደ ካልሲ ሆኖ እግርን የሚሸፍን ጨርቅ ተቀጥሎበታል። ለክቶ የቆረጠ፣ ቁጭ ብሎ የሰፋ ባለሙያ ሥራ ነው። ዛሬ ለብሰኸው መንገድ ብትወጣ ዞሮ የሚያይህ አይኖርም።

ጸጉሩም ቢሆን። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ታኪቶስ ስዌቢ የሚባሉት ነገዶች ጸጉራቸውን ወደ ጎን አድርገው በቋጠሮ እንደሚያስሩ ጽፏል፤ ነፃው ሰው ከባሪያው የሚለየው በዚያ ነበር። ጽሑፉን የሚያረጋግጥ ነገር በ1948 ኦስተርቢ ከሚባል ቦታ ረግረግ ውስጥ ወጣ፤ ጸጉሩ እንደተቋጠረ የቆየ የሰው ራስ። ቋጠሮው እስከ ዛሬ አልተፈታም። ጀግና ሹሩባ ተሠርቶ በሚዘምትበት አገር ለተወለድን ለእኛ ይህ ለመረዳት አይከብድም። ጦርነት የሚሄድ ሰው ጸጉሩን ይሠራል እንጂ አያንጨባርርም።

በዴንማርክ ኢለሩፕ ኦዳል በሚባል ሸለቆ ደግሞ በ200 ዓ.ም. አካባቢ የተሸነፈ ጦር ትጥቅ ሐይቅ ውስጥ ተጥሎ ተገኝቷል። ዕቃው ወደ 15,000 ይጠጋል። ከጦሩና ከጋሻው መሀል የሰዎቹ የግል ዕቃ አለ፤ ማበጠሪያ፣ እሳት መጫሪያ። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ጎራዴዎቹ ናቸው። ብዙዎቹ የሮማ ሥራ ናቸው፤ የሠሪው ማኅተም ያለባቸውም አሉ። ሰሜነኛው ሰሜነኛውን የሚወጋው በሮማ ጎራዴ ነበር ማለት ነው።

ስለ ዕቃ ስሕተት ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ሌሎች ብለውታል። በሮማ ዘመን ፈረሰኛ እርካብ አልነበረውም። እርካብ አውሮፓ የገባው ከምዕራቡ የሮማ መንግሥት መውደቅ በኋላ ነው። ሁሉም ወታደር የሚያስረው የቆዳ የእጅ አንጓ መጠበቂያም የእናንተ የልብስ ክፍል ፈጠራ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ፊልም ላይ ሌጌዎን በሚያምር ሰልፍ ቆሞ ይጠብቃል፤ ውጊያው እንደተጀመረ ሰልፉ ይፈርስና ሁሉም ለየብቻው መታኮስ... መቆራረጥ ይጀምራል። የሮማ ጦር ኃይል ግን ሰልፉ አለመፍረሱ ነበር። ያንን ካጠፋችሁት ለምን ያሸንፉ እንደነበር ተመልካች አይገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ትልቁ ስሕተታችሁ እርካብ አይደለም። ትልቁ ስሕተታችሁ በሁለቱ ወገን መሀል የምታሰምሩት መስመር ነው። በአንድ በኩል ሮማውያን፣ ተላጭተው፣ በእንግሊዝ ዘዬ እየተናገሩ። በሌላ በኩል ስም የሌለው ጩኸታም ሕዝብ። እንዲህ ያለ መስመር አልነበረም።

በ83 ወይም በ84 በስኮትላንድ ሞንስ ግራውፒዩስ የሚባል ውጊያ ተደረገ። የሮማው አዛዥ አግሪኮላ ፊት ለፊት ያሰለፈው ማንን ነበር? ባታቪያውያንንና ቱንግሪያውያንን። የዛሬዎቹ የኔዘርላንድና የቤልጅየም ምድር ሰዎች፣ ራሳቸው ሰሜነኞች። ሌጌዎኖቹ ኋላ ቆመው ነበር። ታኪቶስ ይህን አልሸሸገም፤ የሮማ ዜጋ ደም ሳይፈስ ማሸነፍ ትልቅ ክብር ነው ብሎ ነው የጻፈው። ስለዚህ «ሮማውያን ከሰሜን ጎሳዎች ጋር ተዋጉ» ስንል በዚያ ቀን የተጋደሉት ሰሜነኞች ከሰሜነኞች ጋር ነበሩ።

በሰሜን እንግሊዝ ካለው ከሐድሪያን ግንብ አጠገብ ቪንዶላንዳ የሚባል ምሽግ አለ። ከ1973 ጀምሮ ከዚያ አፈር ውስጥ በስስ እንጨት ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች ወጥተዋል። አንዱ ደብዳቤ ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማና ሁለት የውስጥ ሱሪ ተልኮልሃል ይላል። ሌላዋ ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል የአዛዥ ሚስት ጓደኛዋን ለልደቷ ትጠራለች፤ መጨረሻው ላይ በራሷ እጅ ጥቂት ቃል ጨምራለች። የዚያ ምሽግ ወታደሮች እነማን ናቸው? እነዚያው ባታቪያውያንና ቱንግሪያውያን። ብርዱን የሚያውቁት፣ ቢራ የሚወዱት፣ አያቶቻቸው ሮማን የወጉ ሰዎች።

አፍሪካውያንም ነበሩ። ይህን ሳነሳ እኛን ለማስደሰት ብላችሁ ጥቁር ተዋናይ ጨምሩ እያልኩ አይደለም። የነበረውን አሳዩ ነው የምለው። በሮማ ከተማ በ113 የቆመው የትራያኖስ ዓምድ ላይ ጸጉራቸውን ጎንጉነው ያለ ኮርቻ የሚጋልቡ የሰሜን አፍሪካ ፈረሰኞች ተቀርጸዋል። በዳኪያ፣ በዛሬዋ ሩማንያ፣ ጠላትን እያሳደዱ ነው። አዛዣቸው ሉሲየስ ኩዊየተስ የተባለ የሞር ሰው ነበር፤ ሞር የሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ነው። በእንግሊዝ ሰሜን፣ በርግ ባይ ሳንድስ በሚባል ቦታ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የሞሮች ጦር ሰፍሮ ነበር። በሳውዝ ሺልድስ ደግሞ አንድ የመቃብር ድንጋይ አለ። የቪክቶር ነው። የሞር ሰው፣ ዕድሜው 20። ከባርነት ነፃ ያወጣው ኑሜሪያኖስ የሚባል ፈረሰኛ ነው፤ የፈረሰኛው ክፍለ ጦር የተመሠረተው በስፔን ሰዎች ነው። ድንጋዩ ላይ ቪክቶር በአልጋ ጋደም ብሏል። አንድ ትንሽ ልጅ ከሥር ጽዋ ያቀብለዋል። ኑሜሪያኖስ በታላቅ ፍቅር ሸኘው ይላል ጽሑፉ። ሞር፣ ስፔን፣ ብሪታንያ፣ ሁሉም በአንድ ድንጋይ ላይ።

«ግላዲያተር» ላይ አፍሪካዊው ባሪያ ሆኖ ይመጣል። ባሪያ የሆኑ አፍሪካውያን ነበሩ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ኮሞዶስ በተገደለ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ193፣ ዙፋኑ ላይ የወጣው ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ሊቢያ ውስጥ ሌፕቲስ ማኛ የተወለደ ሰው ነው። እሱ ራሱ ከ208 ጀምሮ በካሌዶንያ፣ በዛሬዋ ስኮትላንድ፣ ዘምቶ በ211 ዮርክ ከተማ ውስጥ ሞተ። ከሜዲትራንያን ዳርቻ የመጣ አፍሪካዊ፣ ሪህ እያሠቃየው፣ በቃሬዛ እየተሸከሙት፣ በስኮትላንድ ረግረግ ውስጥ። ይህን ሰው ማዕከል ያደረገ ትልቅ ፊልም እስከ ዛሬ አላየሁም።

ስለ አርሚኒየስ ሳልናገር ባልፍ ደብዳቤው ጎዶሎ ይሆናል። በ9 ዓ.ም. በቶይቶቡርግ ደን ሦስት የሮማ ሌጌዎኖች ተደመሰሱ። የመራው አርሚኒየስ የኬሩስኪ ነገድ ሰው ነው። ግን የሮማ ዜግነት ነበረው፣ የፈረሰኛ ማዕረግ ነበረው፣ በሮማ ጦር ውስጥ አዛዥ ሆኖ አገልግሏል። የጠላቱን ሰልፍ የሚያውቀው ከውስጥ ነው። ኔትፍሊክስ በ2020 ባወጣው «ባርባሪያንስ» ተከታታይ ድራማ ሮማውያኑን በላቲን አናገራቸው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ያኔ የባዕድ ጦር ከነቋንቋው መንደር ሲገባ ምን እንደሚመስል ይሰማችኋል። ያንኑ ድራማ ግን የምነቅፍበትም አለ፤ አርሚኒየስን በዚያ ደን የተሸነፈው የሮማ አዛዥ የቫሩስ የማደጎ ልጅ አድርጎታል። ይህ ፈጠራ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ እውነተኛው ቤተሰቡ ከፈጠራው የባሰ ድራማ ያለው መሆኑ ነው።

ወንድም ነበረው። ፍላቩስ ይባላል። ፍላቩስ ከሮማ ጋር ቀረ፤ ለሮማ ሲዋጋ አንድ ዓይኑን አጣ። በ16 ዓ.ም. ሁለቱ ወንድማማቾች በቬዘር ወንዝ ግራና ቀኝ ቆመው ተነጋገሩ። ታኪቶስ ነው የሚነግረን። አርሚኒየስ ዓይንህን ምን ነካው ብሎ ጠየቀ። ፍላቩስ ነገረው። በምትኩስ ምን ሰጡህ? ደመወዝ ጨመሩልኝ፣ የአንገት ሐብል፣ አክሊል። አርሚኒየስ ሳቀበት፤ የባርነት ዋጋ ርካሽ ነው አለው። ከዚያ ስለ አገር፣ ስለ እናታቸው ጸሎት ተነሣ። ፍላቩስ የሮማን ታላቅነትና የተሸናፊን ቅጣት ያነሣ ነበር። ቃሉ እየከረረ ሄዶ ፍላቩስ ፈረሴንና መሣሪያዬን አምጡ አለ። ይዞ ያስቀረው አንድ የሮማ መኮንን ነው። አርሚኒየስ ከወዲያ ማዶ ሲዝት ንግግሩን በላቲን እየደባለቀ ነበር።

ሚስቱ ቱስኔልዳ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሳለች በ15 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ገባች። የሰጣቸው የገዛ አባቷ ሴጌስቴስ ነው። ልጇን በምርኮ ወለደች። በ17 ዓ.ም. በሮማ ጎዳና ላይ በድል ሰልፍ ከነሕፃኗ ስትነዳ አባቷ በክብር ቦታ ሆኖ ይመለከት ነበር። አርሚኒየስም በመጨረሻ የሞተው በሮማውያን እጅ አይደለም፤ የገዛ ዘመዶቹ ናቸው የገደሉት። ይህን ቤተሰብ የያዘ ሰው የማደጎ አባት መፍጠር ለምን ያስፈልገዋል?

ውጊያው የተደረገበት ቦታ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች እንደሚያምኑት በኦስናብሩክ አቅራቢያ ያለው ካልክሪዘ ነው። ከ1987 ጀምሮ ቶኒ ክላን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በብረት መፈለጊያ ሳንቲምና የወንጭፍ እርሳስ ካገኘ በኋላ ነው ቁፋሮው የተጀመረው። ከዚያ መሬት የፈረሰኛ የብረት ጭንብል ወጥቷል። የሰውና የእንስሳ አጥንት ተደባልቆ የተቀበረባቸው ጉድጓዶች ተገኝተዋል፤ አጥንቱ ከመቀበሩ በፊት ለዓመታት ሜዳ ላይ ተበትኖ ቆይቷል። የሮማው ጄኔራል ገርማኒከስ ከስድስት ዓመት በኋላ መጥቶ አጥንቶቹን አስቀበረ ከሚለው ከታኪቶስ ቃል ጋር ይገጥማል። የአንዲት በቅሎ አጽም ደግሞ አንገቷ ላይ ካለው ቃጭል ጋር ወጥቷል። ቃጭሉ ውስጥ ሣር ተጠቅጥቋል። ድምፅ እንዳያሰማ ነው። በፍርሃት በደኑ ሾልኮ ለማምለጥ የሞከረ አንድ ነጂ ነበር ማለት ነው። እሳት የሚወረውር መንጃኒቅ (ድንጋይና ቀስት መወርወሪያ የጦር መሣሪያ) ከምታሳዩኝ ይህችን በቅሎ አሳዩኝ።

ስለ 9ኛው ሌጌዎን ባጭሩ። በ2010 እና በ2011 የወጡ ሁለት ፊልሞች ይህ ጦር በካሌዶንያ ጠፋ ይላሉ። በብሪታንያ ያለው የመጨረሻ ማስረጃው የ108 የዮርክ ጽሑፍ ነው፤ ማኅተሙ ግን በኔዘርላንድ ናይሜኸንም ተገኝቷል፤ ብዙ ምሁራን ከዚያ በኋላ የነበረ ነው ይላሉ። በ2011ዱ ፊልም የሰሜኑ ሰዎች የሚናገሩት ጌሊክ ነው፤ ያ ቋንቋ እዚያ የተስፋፋው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ቢያንስ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ማሳየታችሁን ግን አመሰግናለሁ።

አንድ ኢትዮጵያዊ ይህን ሁሉ ለምን ያገባዋል ትሉ ይሆናል። ያገባኛል። በሜይ 1936 የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሰውየው ሮም ላይ ሰገነት ወጥቶ የሮማ ግዛት ተመልሶ መጣ ብሎ አወጀ። በዓመቱ ካርሚኔ ጋሎኔ የሠራው «ሺፒዮኔ ላፍሪካኖ» የሚባል ትልቅ ፊልም ወጣ። ሮማ አፍሪካ ላይ ዘምታ ካርታጎን ስትደቁስ ያሳያል። ወጪውን መንግሥት ደገፈ፤ የጦሩን ሰዎች ለትዕይንቱ ሰጠ፤ ፊልሙ በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸለመ። በዚያው ዓመት የአክሱም ሐውልት ተቆራርጦ ወደ ሮም ተወሰደ። የተመለሰው በ2005 ነው። ጀርመንም በበኩሏ አርሚኒየስን ከ1875 ጀምሮ ዴትሞልድ አጠገብ ጎራዴ አስይዛ አቁማዋለች፤ በስሙ ብዙ ክፉ ነገር ተሰብኳል። የእናንተ ፊልም የፋሺስት ፊልም ነው አላልኩም። ሥርዓት ያለው ሠራዊት በአንድ ወገን፣ ፊት የሌለው ሕዝብ በሌላ ወገን የሚለው አሣሣል ግን ከእናንተ በፊት በእኛ ላይ ሠርቷል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። የታሪክና የቁፋሮ ባለሙያውን ልብስ ሲሰፋ ሳይሆን ስክሪፕት ሲጻፍ ጥሩት። ለሰሜነኛው ስም፣ ቋንቋና ምክንያት ስጡት። የሮማን ምሽግ ስታሳዩ ከኔዘርላንድ፣ ከሶርያ፣ ከሞሮኮ የመጡትን አሰልፉ፤ ነበሩና። የፈጠራችሁትንም በፊልሙ መጨረሻ በሁለት መስመር ንገሩን። ፊልሙን በአማርኛ ተርጉማችሁ የምታሳዩን የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ከፊልሙ በኋላ አንድ የታሪክ መምህር ለአሥር ደቂቃ ብትጋብዙ ተመልካቹ ይጠቀማል።

አዲስ ታሪክ የሚፈልግ ካለ ደግሞ አንድ ልጠቁም። በ2008 ጀርመን ውስጥ ሃርትስሆርን ከሚባል ኮረብታ ላይ የሮማ ጦር ሜዳ ተገኘ። ዘመኑ 235 አካባቢ ነው፤ ሮማውያን ከቫሩስ በኋላ ያን ያህል ዘልቀው አይገቡም በተባለበት ምድር ውስጥ። የወታደር ጫማ ምስማር፣ የወረወሩት የመንጃኒቅ ቀስት ጫፍ፣ የሰንሰለት ጥሩር፣ ሁሉም በየቦታው ወድቆ ተገኝቷል። ዘመቻውን የመራው ከትራክያ የመጣው ማክሲሚኖስ ነው። ሄሮድያን የሚባለው ጸሐፊ እንደሚነግረን ከሠራዊቱ ጋር ጦር ወርዋሪ ሞሮችና ከሜሶፖታምያ የመጡ ቀስተኞች ነበሩ። አሸንፈው አልፈዋል፤ ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ሳለ መንገድ የተዘጋባቸው ይመስላል። ተዋናዮቹንም፣ ቦታውንም፣ ትጥቁንም አፈሩ ሰጥቷችኋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የታሪክ ፊልም ወዳጅ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ፊልሞቹን ለሚያዩ ሁሉ